አሮጌው ብር ላንቴ ሲደርስ

ብር የተቀየረ ዓመት ላንቴ ገጠር፣ አክስቴ ቤት ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም ነበርና ከተማ፣ ሴቻ ወላጆቼ ቤት ከመቀመጥ የእሷ ሙዝ ማሳ ይሻለኝ ነበር፤ እዚያ "እንግዲህ ምን ልትሆኚ ነው?" የሚለኝ የለም። አክስቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ "መሬቱን ለእኩል እንረስልሽ" ያሏትን የባሏን ወንድሞች በሙሉ መልሳ ማሳዋን ብቻዋን የያዘች ሴት ናት።

የደርጉ ብር ሊቀር መሆኑን ከሬዲዮ ሰማን፤ ቀበሌውም ሰብስቦ ነገረን። አዲሱ በመልኩ ከአሮጌው ብዙም አይለይም፤ ብርሃን ላይ ሲይዙት ግን ውስጡ ቀጭን ክር የመሰለ መስመር ይታያል። ቀነ ገደቡ እየቀረበ ሲመጣ ከተማ፣ ሲቀላ ባንኩ በር ላይ ሰልፉ ከማለዳ ይጀምር ነበር። በማሰሮ ቀብሮ ያኖረውን ብር በጋቢው ቋጥሮ ከደጋ በእግሩ የወረደ ሰው አይቻለሁ። ብሩ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል።

ሙዝ ነጋዴው የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። አይሱዙውን መንገድ ዳር አቆመ፤ እኛም ዘለላውን ቆርጠን፣ ተሸክመን ጫንን። ጭነቱ ሲያልቅ ብሩን ለአክስቴ ሰጣት፤ እሷ ለእኔ አቀበለችኝ። ወደ ፀሐይ አንስቼ አየሁት። ክር የለውም።

"አሮጌው ነው" አልኳት በጋሞኛ።

ነጋዴው ገባው። "ገና ይሠራል እኮ እትዬ። ባንክ ወስዶ መቀየር ነው።"

"ይሠራል ካልሽ አንቺ ሰውዬ ወስደሽ ቀይሪው" አለች። አማርኛ ስትናገር፣ በተለይ ስትናደድ፣ ወንዱና ሴቱ ይደባለቅባታል። ነጋዴው ሳቀ።

"አማርኛዬ ላይ ሳቅ" አለች፣ አሁን አስተካክላ። "ሙዜ ላይ ግን አትስቅም።"

"ወረፋ የምቆምበት ጊዜ የለኝም። ካልፈለግሽ አውርጂው። የተቆረጠ ሙዝ ይዘሽ የት ትደርሻለሽ?"

እውነቱን ነበር። ጎረቤቶቻችን አሮጌውን ተቀብለው ዝም ብለዋል፤ አንዷ ጠጋ ብላ "ተቀበዪው፣ ጠቡ ይቅርብሽ" አለቻት። አክስቴ ግን መቀነቷን አጠበቀች፣ ጎማውን ረግጣ ወጣችና ሙዙ ላይ ተቀመጠች።

"ነይ ውጪ" አለችኝ። ተከትያት ወጣሁ።

ነጋዴው ሾፌሩን "ጎትተህ አውርዳቸው!" አለው። ሾፌሩ ሸምገል ያለ ሰው ነበር። "እኔ የሰው እናት አልጎትትም" አለ። "እንደ ተቀመጡ ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ አልነዳም።"

"አዲስ አበባ አልሄድም" አለች አክስቴ ከላይ። "ባንኩ በር ላይ አቁምልኝ።"

እንዲህ ሆነን ሲቀላ ገባን። የተሰለፈው ሰው ቀና ብሎ ያየናል፤ መጀመሪያ ሳቁብን። አክስቴ ነገሩን በጋሞኛ፣ ጮክ ብላ ስትነግራቸው ሳቁ ቆመ። ነጋዴው በዚያ ሙቀት የጋቢናውን መስኮት ዘግቶ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ወርዶ ወደ ሰልፉ መሐል ጠጋ ሲል አንዲት ሴት በእጇ እያመለከተች "ወዲያ ኋላ!" አለችው። ሄዶ ኋላ ቆመ።

ባንኩ ሊዘጋ ሲል አዲሱን ብር ይዞ መጣ። አክስቴ ራሷ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሳች አየችው፤ ከዚያ ወረደች። "እግዜር ይስጥልኝ" ያለችው ለሾፌሩ ብቻ ነው።

ድል ነው ብለን ብዙ አልሰነበትንም። ሰውየው ለጓደኞቹ ነግሮ ኖሮ ማሳችን ፊት የሚቆም መኪና ጠፋ። ሙዙ ግንዱ ላይ ቢጫ ሆነ። እየቆረጥን፣ ተሸክመን ሲቀላ ገበያ እየወሰድን በርካሽ ሸጥነው፤ የቀረውን ከብት በላው። ጎረቤቶች "ነጋዴ አባረርሽብን" አሏት። እኔም አንድ ቀን፣ አንገቴን ሸክም ሲቆርጠኝ፣ "ትንሽ ብትታገሺው ምን ነበረበት?" አልኳት።

ሸክሟን ሳታወርድ ዞረች። "ዛሬ አሮጌ ብር ከተቀበልኩ ነገ ምን ሊሰጠኝ ነው? ቅጠል?" አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ከጎረቤቶቻችን አንዱ ወረፋው ሳይደርሰው ቀርቶ አሮጌው ብር እጁ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እሷን የሚወቅሳት አልሰማሁም።

በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ነጋዴ መጣ። የሰፈሩ ሴቶች ማጭዳቸውን ይዘው ማሳው ዳር ቆመው ነበር፤ አንዲት ዘለላ የቆረጠ የለም። ያቺ "ተቀበዪው" ያለቻት ጎረቤታችን ቀድማ "መጀመሪያ ብርህን አሳየን" አለችው። እያጉረመረመ እጁን ኪሱ ከተተ።