የፈቃዱ እንሰትና ያልመጣው ባቡር

የአክስቴ የእትዬ መሰለች ቤት ከቡታጅራ ወጣ ብሎ መስቃን ገጠር ውስጥ፣ ጀፎረው ዳር ነው። ጀፎረ የምንለው መንደሩን መሃል ለመሃል የሚያልፈውን ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ከቤቷ ጀርባ እንሰቱ አለ፤ ከእንሰቱ ማዶ የጎረቤቶቿ የባልና ሚስቱ የሰይዶና የዘይባ ጓሮ ይጀምራል።

በ2003 ዓ.ም. ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች መሣሪያቸውን በሦስት እግር አቁመው ሲያነጣጥሩ ከረሙና ራሱ ቀይ የተቀባ ችካል እየቸከሉ አለፉ። አንዱን ችካል በአክስቴ እንሰት መሃል ተከሉት። የባቡር ሐዲድ ሊያልፍ ነው ተባለ። የቀበሌው ሰው ደግሞ ያለው ተክል ሁሉ ለካሳ መቆጠሩን፣ ከዚያ ቀን በኋላ የሚተከል ግን እንደማይቆጠር ነግሮን ሄደ።

የአክስቴ ባል ፈቃዱ ክፉ ሰው አይደለም። ግን መንግሥት አንዴ የተናገረውን እንደ ወንጌል ነው የሚይዘው። በዚያው ሳምንት ጣቢያው የት እንደሚሠራ፣ እሱም ሻይ ቤቱን በየት በኩል እንደሚከፍት ያስረዳን ጀመር። ችግኝ ማዛወሩንም ተወ።

እንሰት ግን ተራ አለው። ችግኙ አንድ ጥግ ይበቅልና ቦታ እየቀየረ፣ ዓመት እየቆጠረ ወደ ትልልቆቹ ረድፍ ይደርሳል። ዘንድሮ ያላዛወሩት ዛሬ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ ለቆጮ የሚፋቅ ሲጠፋ ነው። መትከልና ማዛወር በእኛ ዘንድ የወንድ ሥራ ነው፤ መፋቅ የሴት። ስለዚህ አክስቴ ከመለመን ሌላ ምንም ማድረግ አልቻለችም።

«የፍቅሩ አባት፣ ችግኙ እኮ ተጨናነቀ። ዘንድሮ እንኳ አዛውረው» ትለዋለች፣ በልጃቸው ስም እየጠራችው።

«ባቡር ለሚሄድበት መሬት ወገቤን ልቁረጥ?»

በሰይዶም ጓሮ ችካል ነበር። ሰይዶ ግን እንደ ልማዱ ይተክላል። ለምን ሲሉት «ባቡሩ ሲመጣ እነቅለዋለሁ፤ መንቀል ምን ይከብዳል?» ይላል። ፈቃዱ ይስቅበት ነበር። «ሰይዶ ለባቡር ጉዝጓዝ እያዘጋጀ ነው» እያለ ገበያ ላይ ሳይቀር አወራበት።

መጀመሪያ ጥናቱ አለቀ ተባለ። ቀጥሎ ገንዘብ እየተፈለገ ነው ተባለ። ከዚያ መስመሩ ሳይቀየር አይቀርም ተባለ። በመጨረሻ ምንም አልተባለም። የችካሉ ቀለም ለቀቀ፤ አክስቴ ፍየሏን ታስርበት ጀመር። እኔም ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እያልኩ ፈቃዱን አበሽቀው ነበር። እሱ ይቆጣል፤ ሬዲዮኑን ይከፍታል።

በየዓመቱ የደረሰውን እየነቀሉ በሉ። ከኋላ የሚከተል አልነበረም። በ2009 ክረምት ሳይገባ አክስቴ ጓሮ ወጥታ ስታይ የቀረው እርስ በርሱ ተናንቆ የቀጨጨ ችግኝ ብቻ ነው። ለመስቀል ልጇ ፍቅሩ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከመርካቶ ይመጣል። ጉራጌ ቤት ለመስቀል ክትፎ ቀርቦ ቆጮው የገበያ ከሆነ፣ እናትየው ምን ፊት ይኖራታል? አክስቴ እጄን ይዛ «ፍቅሩ የቆጮ ጉድጓዴ ባዶ መሆኑን ከሚያውቅ ብሞት ይሻለኛል» ብላ አለቀሰች። ስታለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዘይባ ሳይነገራት ገባት። «ከእኛ የደረሰ እንሰት አለልሽ፤ መጥተሽ ፋቂ። ለማንም አልናገርም፣ ወላሂ» አለቻት። አክስቴ ከዘይባ ጋር ፋቀች፣ በገዛ ጉድጓዷ ቀበረች፣ እስኪብላላ ጠበቀች። ፈቃዱ ያን ሰሞን ወደ ጓሮ አልዞረም።

በ2010 መስቀል ቤቱ ሞላ። ክትፎው ቀረበ፣ ቆጮው ተቆረሰ። ፍቅሩ ገና እንደቀመሰ «እማዬ፣ የዘንድሮ ቆጮሽ ይለያል!» አለ። አክስቴ አቀረቀረች። ያለፈ መስሎኝ ነበር፤ ፈቃዱ ግን የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ።

«የሰይዶ እንሰት ነው» አለ። «የእኛን ባቡር በላው።»

አክስቴ ቀና አለች። ያን ሁሉ ዓመት የዋጠችው ወጣ።

«ያልመጣ ባቡር በምን አፉ ይበላል? የበላነውማ እኛ ነን። አንተ ነህ ያልተከልክ።»

ፈቃዱ አሳዘነኝ፤ ደስም አለኝ፣ ምን አዋሸኝ። እሱ ተነሣና ቆጮና ክትፎ በሳህን ይዞ ወደ ሰይዶ ቤት ሄደ። ምን እንዳለው አላውቅም፤ ሲመለስ ግን ሰይዶ አብሮት ነበር፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው በሉ።

በጋ ሲገባ ፈቃዱ ችግኙን ማዛወር ጀመረ። አብዛኛው ቀጭጮ ስለነበር ከሰይዶ ለምኖ ጨመረበት። አክስቴ አዲሱ ተክል እስኪደርስ ድረስ የምትፍቀው ከዘይባ ጓሮ ነው፤ አሁን ግን በግላጭ።

በ2011 ሌሎች ሰዎች ሌላ ችካል ይዘው መጡ፤ የአሁኑ ለመንገድ ነው አሉ። ፈቃዱ ውሃ አጠጣቸው፣ የሚሉትን ሁሉ አዳመጠ፣ እስከ ጀፎረው ሸኛቸው። ተመልሶም መቆፈሪያውን አነሣና በአዲሱ ችካል ግራና ቀኝ ችግኝ መትከል ጀመረ።

«ጋሼ፣ ከዛሬ በኋላ የሚተከል አይቆጠርም ብለዋል እኮ» አልኩት።

«አይቆጠር» አለኝ ቀና ሳይል። «ይበላል።»