የቦይለሩ ክዳንና የጣሳው ዳዶ

ለገሃር አካባቢ ባለችው ጠባብ ሱቄ ብሎን ስሸጥ ስንት ዓመቴ፤ «ገባ» እንደሚባለው ቃል ያንገሸገሸኝ የለም። ሰው ዳዶ ሊገዛ ይመጣል፣ ብሎኑ ላይ በጣቱ ያሽከረክረዋል፣ ከዞረለት «ገባ!» ይላል፣ በቃ። ከምን ብረት እንደተሠራ፣ ምን ያህል እንደሚችል የሚጠይቅ የለም። እኔም ብሆን ትምህርት ቤት አልተማርኩትም። የካርቶን ላይ ጽሑፍ እየፈታሁ፣ ሰው የሚመልስልኝን የተበላሸ ብሎን እያገላበጥኩ ነው ያወቅኩት።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት፣ ኡራኤል ጋ ካለ ልብስ ማጠቢያ ቤት ቴክኒሻኑ መጣ። ደንበኛዬ ነው። የእንፋሎት ቦይለራቸው ክዳን ብሎኖች ዝገው ኖሮ አዲስ ፈለገ። ጠንካራውን፣ ራሱ ላይ የጥንካሬ ቁጥር ያለበትን ሰጠሁት። ለዳዶው ዞር ስል፣

«ተዪው እትዬ፣ ዳዶ ጣሳ ሙሉ አለኝ።»

ከኪሱ አንዱን አወጣ። ምንም ምልክት የለበትም፤ የአልጋ ይሁን የአጥር በር አይታወቅም። በጣቱ አሽከረከረው።

«ገባ!»

«ወንድሜ፣ መግባቱን ማን ካደ? ብሎኑ ጠንካራ፣ ዳዶው ለስላሳ ከሆነ ስታጠብቀው ጥርሱ ይላጣል። እንፋሎቱ ሲገፋ ክዳኑን ማን ሊይዝልህ ነው?»

«ኧረ እትዬ! ቦይለር ነው እኮ፣ ሮኬት መሰለሽ እንዴ?» ስቆ ሄደ።

ተናድጄ ተቀመጥኩ። መቀመጥ ግን አልሆነልኝም። ያንን ቤት አውቀዋለሁ፤ ከቦይለሩ ሁለት እርምጃ ላይ ሦስት ሴቶች ቆመው አንሶላ ይተኩሳሉ። አንዷ እርጉዝ ናት። ለብሎኖቹ የሚሆኑትን፣ ቁጥር ያለባቸውን ዳዶዎች በፌስታል ይዤ፣ ሱቄን ዘግቼ ታክሲ ተሳፈርኩ። የኡራኤል መንገድ ደግሞ ያን ቀን ሊንቀሳቀስ ነው? ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።

ስደርስ ቴክኒሻኑ ክዳኑን ገጥሞ እሳቱን ሊለኩስ ነው።

«መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተህ በእጅ ፓምፕ ግፋው» አልኩት። «ቢለቅ እንኳ ቢበዛ ያርስሃል።»

የማጠቢያ ቤቱ ባለቤት ትልቅ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ የሆቴል አንሶላ ተቆልሎብኝ ሥራ ታስፈቺኛለሽ?» ብለው ጮኹብኝ።

«ለአንድ ሰዓት ሥራ ቢፈቱ ይሻላል፣ እማማ።» ዞሬ ሴቶቹን «ውጡ!» አልኳቸው። ካውያቸውን አስቀምጠው ወጡ፤ እርጉዟ ቀድማ። ያለ እነሱ ሥራ የለም፤ ሴትየዋ እያጉረመረሙ ፈቀዱ።

ውሃው ሞላ፣ ፓምፑ ተገፋ። የግፊት ቆጣሪው ቦይለሩ በየቀኑ ከሚሠራበት ግፊት እንኳ ሳይደርስ አንዱ ዳዶ ተንሸራቶ ወለቀ። ከክዳኑ ጠርዝ ውሃ ፈንጥቆ ቴክኒሻኑን ከአንገት በታች አራሰው። እንፋሎት ቢሆን ኖሮ… ሴትየዋ አማተቡ።

ዳዶውን አንስቶ ውስጡን አየው። ጥርስ የሚባል የለውም፤ ተልጦ ልሙጥ ሆኗል።

«ግን እኮ… ገብቶ ነበር» አለኝ።

ፌስታሉን ሰጠሁት። አንዱን አወጣና ብሎኑ ላይ በጣቱ አሽከረከረው።

«ይሄም ገባ።»

ሴቶቹ በሩ ላይ ሆነው ሳቁ። እኔ ግን መሳቅም አቃተኝ። የየዳዶውን ቁጥር ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደረግሁ፣ አንድ በአንድ። እንደገና ውሃ ተሞልቶ፣ እንደገና ተገፍቶ፣ ጠብታ እንደማይወጣው በዓይኔ ሳላይ ሴቶቹን አላስገባሁም።