ደሊላ ሶምሶኖቭና

ለትምህርት ወደ ኪየቭ ልሄድ ከሸዋ ሮቢት በምነሳበት ዋዜማ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ሊሰናበቱኝ መጡና፣ «ወላሂ ዕድለኛ ነሽ! እዚያ ስምሽን የሚያውቅ የለም፤ ተገላገልሽ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ስሜ ደሊላ ነው። አባቴ ደግሞ ጸጉር አስተካካይ ነው፤ ስሙም ሶምሶን። ከጀውሃ የሚመጡ ሾፌሮች ሊስተካከሉ ተቀምጠው እኔ ውሃ ይዤ ስገባ፣ «ሶሜ፣ እቺን ልጅ ከመቀሱ አርቅልን!» ይላሉ። አባዬ ስሙን ያወጣልኝ የሶምሶንና የደሊላን ታሪክ እስከ ፍቅሩ ድረስ ብቻ ሰምቶ ነው። መጨረሻውን የነገሩት በኋላ ነው። «ታዲያ ምን ላድርግ? ስሙ ያምራል» አለ አሉ።

ኪየቭ የገባሁት በበረዶ ነው። እኛ በዚያ ሙቀት ትኩስ ሻይ እንጠጣለን፤ እነሱ በዚህ ብርድ መንገድ ላይ አይስክሬም ይልሳሉ! የተማሪዎች ማደሪያ ኃላፊዋን ኮሜንዳንት ይሏታል። እዚያ ያገኘሁት የማጀቴ ልጅ ተፈራ፣ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ አስተረጎመልኝ።

«ስም?»

«ደሊላ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «የአባት?»

«ሶምሶን።»

«ይሄ ሰውዬ የላከልን ልጁን ነው ሚስቱን?» ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «መቀስ ይዘሻል?»

ተፈራም ሳቁን እየዋጠ፣ «እዚህ አገር ሰው የሚጠራው ከነአባቱ ስም ነው። ከዛሬ ጀምሮ ደሊላ ሶምሶኖቭና ነሽ» አለኝ።

«የክርስትና ስሜ ወለተ ማርያም ነው፤ እሱን ትጻፍልኝ በላት።»

«በእናትሽ! እሱስ ሃይማኖተኞች አሰኝቶ ስብሰባ ላይ ሂስና ግለሂስ ያስቀምጠናል።»

ለካ ስሜ በዘፈንና በሲኒማ ቀድሞኝ ዓለምን ዞሯል። በማደሪያው ኩባዊው ተማሪ ሲያየኝ «ደሊላ» እያለ ያንጎራጉራል፤ አንጎላዊው ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይይዛል። አብራኝ የምታድረው ልጅ እንኳ ጸጉሯን በሻሽ ጠፍራ ነው የምትተኛው። ቀልድ ነው ትላለች፤ ሻሹን ግን አትፈታም። እኔ እኮ ጓደኛ ነበር የፈለግሁት። ስለዚህ ስሜን ላስቀይር ቆረጥኩ። ተፈራ፣ «አባትሽ እዚያው አገር ቤት ማመልከት አለበት» ስላለኝ የስልክ ቀጠሮ አስያዝኩ።

አባዬ ከሮቢት ቴሌ ሲጮህ መስመሩ አያስፈልገውም ነበር።

«ሃሎ! ደሊላዬ!»

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር...»

«ቆይ፣ እኔ ልቅደም! ለጸጉር ቤቱ ስም አወጣሁለት። በቀይ ቀለም፣ በትልቁ፦ ደሊላ ጸጉር ቤት! ከደሴ የሚመጣ ሾፌር ሁሉ ፍሬን ይዞ ይስቃል፤ ስቆ ስቆ ገብቶ ይላጫል። ደሊላ ማናት ሲሉኝ፣ ልጄ ናት፣ ውጭ አገር ትማራለች እላለሁ። አሁንማ ቀኑን ሙሉ ስጠራሽ ነው የምውለው።» ከዚያ ትዝ ሲለው፣ «አንቺስ ምን ልትጠይቂኝ ነበር?»

«ሙቀቱ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ኧረ ተይው ልጄ፣ ያቃጥላል!»

ጓንቴን አውልቄ፣ ያ ሙቀት የሚደርሰኝ ይመስል፣ መነጋገሪያውን በሁለት እጄ ያዝኩት።