ምራቅ የነካው መነጽር

መርከብ ቱሪስቶቹን በዘረገፈ ቁጥር ሰውየው ዓሣ ጠብሳ ከምትሸጠው ከቨርሊን አጠገብ የሚያከራያቸውን የዋና መነጽሮች ይሰቅላል። ርካሽ ስለሆነ ባለልጆቹ ሁሉ የሚጎርፉት ወደ እሱ ነው። ሌሎቹ አከራዮች ልጁ ራሱ መነጽሩ ውስጥ እንዲተፋ ያደርጋሉ። እሱ ግን ራሱ ይተፋና በአውራ ጣቱ ያሸዋል፤ አፍ ውስጥ የሚገባውን የመተንፈሻ ቱቦም በቁምጣው ጫፍ ይጠርገዋል።

«እንፋሎት እንዳይዘው ነው፣ እመቤቴ» ይላል ለእናቶቹ። ቨርሊንን ያቅለሸልሻታል።

ዛሬ ሳል አጣደፈውና አሳዘናት። ውኃ ልትቀዳለት፣ ሁልጊዜ ለብቻው የሚንጠለጠለውን ጣሳውን አነሳች። ከእጇ መነጨቃት።

«ተይ እህቴ፣ እሱን አትንኪ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጆች አሉሽ።»

ከመርከቡ የወረደች ሕፃን እጇን ስትዘረጋለት ሳሉን ዋጥ አደረገና ትንሹን መነጽር አውርዶ ውስጡ እንትፍ አለበት።