አዲ አርቃይ የደረሰው የደባርቅ በሶ

ጎንደር፣ ማለዳ

አዲ አርቃይ የምታስተምረው ጓደኛዬ ይታይሽ በጠዋት ደወለች። የተማሪዎቿ ስም እስከ ምሽት ጎንደር ካልደረሰ ለፈተና አይመዘገቡም፤ እኔ የጻፍኩላት መላኪያ ፕሮግራም ደግሞ ተገትሯል። ኮምፒውተሬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

ነገሩ ግራ አጋብቶኛል። ስሞቹን መንገድ ላይ ሌላ ሰው እንዳያነባቸው ፕሮግራሙ ላይብረሪ በሚባል፣ ሌሎች ጽፈው ባዘጋጁት የምስጠራ ኮድ ይጠቀማል። ላይብረሪው በቀጥታ ኔትወርኩን አይነካም፤ የሚላከውን ሜሞሪ ላይ ባለ መውጫ ቋት ያስቀምጣል፣ የመጣውን ከመግቢያ ቋት ያነብባል። መስመሩ አልተቋረጠም፤ ስህተት የሚል መልእክትም የለም። ታዲያ ምን ዘጋው?

አምባ ጊዮርጊስ

አንዲት እናት ስልክ ቁጥር የተጻፈበት የበሶ ከረጢት ለአውቶቡሳችን ረዳት ሰጡ። «ደባርቅ ወንድሜ ይጠብቃል።» ቦታ ስላልነበረ ረዳቱ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው።

ደባርቅ ቆመን ትኩስ ሽሮ በላን። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ስንወርድ ሁሉም ገደሉን ያያል፣ እኔ ኮዴን። ራሴ ዞረ እንጂ ምንም አልገባኝም።

አዲ አርቃይ፣ ከሰዓት

ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። ይታይሽ ቢሮ ተቀምጬ ብሞክረውም ያው ዝምታ ነው።

«ይሄ ከረጢት ምንድን ነው? ስንቅ ይዘህ መጣህ እንዴ?» አለችኝ።

ለካ ደባርቅ ሳይወርድ ጉልበቴ ላይ ቀርቷል። ቁጥሩ ላይ ደወለች።

«ምነው ልጄ!» አሉ ሰውዬው። «እህቴ ልኬያለሁ ትላለች፣ ረዳቱ ሹፌሩ ሰጥቷል ይላል፣ እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ዋልሁ!»

«በሶዎ ጓደኛዬ ጉልበት ላይ ነው፣ አያ!» ብላ ሳቀች።

እኔ ግን ስክሪኑ ላይ ፈጠጥኩ። ላይብረሪው ሁለቱ ኮምፒውተሮች የሚተዋወቁበትን የመጀመሪያ መልእክት፣ ሰላምታውን፣ አዘጋጅቶ መውጫ ቋት ውስጥ አስቀምጧል። የጎንደሩ ኮምፒውተር ሰላምታውን ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ መልሱን። ከቋቱ አውጥቶ ወደ ኔትወርኩ የሚያደርሰው ማን ነው? እኔ ነበርኩ፤ ያን ትእዛዝ አልጻፍኩትም።

ጻፍኩት። ተንቀሳቀሰና እንደገና ቆመ። አሁንም ግራ ገባኝ። ለካ ሰላምታው ምልልስ ነው፤ ቋቱ በየእርምጃው መራገፍ አለበት። ትእዛዙን በየምልልሱ እንዲደገም አደረግኩት።

«ደረሰ!» ብላ ይታይሽ ጠረጴዛውን መታች። ገና አልመሸም ነበር።

መልስ

በማግስቱ ስመለስ ደባርቅ ላይ ከአውቶቡሱ ወርጄ በሶውን ለአያ አስረከብኩ። «ሸጋ፤ ግን አዲ አርቃይ ምን ሊያይ ሄደ?» አሉኝ። ላስረዳቸው ጀምሬ ነበር፤ ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋብኝ።

ጎንደር ቤቴ ገብቻለሁ። ከእንግዲህ መልስ ሲዘገይብኝ፣ መስመሩን ከመውቀሴ በፊት ጉልበቴን አያለሁ።