«ት» ያመለጠችው ሰው

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። እኔ ግን የባሌን የላፋኤሌን መንጋጋ በኮኮናት ዘይት ሳሽ ከረምኩ። ስትሮክ መታውና እጅ እግሩን ምሮ ንግግሩን አመሰቃቀለበት። የሚለውን ያውቀዋል፤ ድምፁ ግን አፉ ላይ ሲደርስ ቦታ ይለዋወጥበታል። «ማሎ»፣ ጎበዝ፣ ብሎ ሊያሞግሰኝ «ሎማ» ይለኛል፤ ከዚያ ቀድሞኝ የሚስቀው ራሱ ነው።

የከፋው የ«ት» ነገር ነው። እኛ ሳሞአዎች ቤትና መንገድ ላይ «ክ» የምንለውን ጸሎት ላይ «ት» እንላለን። ምስጋና፣ ቤት ውስጥ ሲሆን «ፋአፌካይ» ነው፣ ለጸሎት ሲሆን «ፋአፌታይ»። እግዚአብሔርም «አቱአ» ነው፤ «አኩአ» ብሎ መጸለይ በቁምጣ ቤተ ክርስቲያን እንደ መሄድ ነው። ከላፋኤሌ አፍ ደግሞ «ት» ጭራሽ ጠፍታለች። ፓስተራችን ውሻቸውን እንኳ በ«ት» ነው የሚቆጡት!

ስለዚህ ባሌ ከአባቱ የተረከበውን የእሁድ ምሳ ጸሎት ታናሽ ወንድሙ ኡኤሌሴ ወሰደው። ኡኤሌሴ ሲጸልይ ታሮው፣ የእኛ ጎደሬ፣ ይቀዘቅዛል። ላፋኤሌ በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ይሄ አንገበገበኝ።

ባለፈው እሁድ ፓስተሩ እኛ ዘንድ ለምሳ መጡ። ኡኤሌሴ ጉሮሮውን ሲጠርግ ላፋኤሌ እጁን አነሳ።

«እኔ» አለ።

«ጋሼ፣ እንግዳ አለብን እኮ!» አለ ኡኤሌሴ።

«አንተ ዝም በል!» አልኩት። «ዛሬ እንኳን ትኩስ እንብላ።»

ላፋኤሌ ዓይኑን ጨፍኖ «አኩአ» ብሎ ጀመረ። ላብ አጠመቀኝ። ስለ ዝናቡ አመሰገነ፣ ስለ ዓሣው አመሰገነ፣ ስለ እኔም አመሰገነ፤ ሲኔቫ የሚለውን ስሜን «ኔሲቫ» አደረገው። አንዲት «ት» አልመጣችም። የልጅ ልጆቻችን ከንፈራቸውን ነክሰዋል። እሱ ግን አልቸኮለም። የተሳሳተውን ደግሞ ይሞክራል፣ እምቢ ሲለው ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። «አሜኔ» ግን አንዴ ተስተካክላ ወጣችለት።

ማንም ቀና አላለም። ሁላችንም የፓስተሩን አፍ እንጠብቃለን።

«ፋአፌካይ፣ ላፋኤሌ» አሉ ፓስተሩ።

በ«ክ»! ላፋኤሌ ወደ እኔ ዞሮ «ሎማ» አለኝ። እንባዬን በእጄ ጀርባ ጠርጌ ታሮውን አቀረብኩ፤ ገና ትኩስ ነበር።