ርብ ዳር የነበረው የአባ ጎጆ

የማስታውሰው ሁሉ በትክክል እንዲያ ሆኖ ነበር ብዬ አልምልም። ወሩ ሐምሌ ይሁን ነሐሴ፣ የጎጆው በር ወደ ምሥራቅ ይዙር ወደ ወንዙ፣ አሁን ሳስበው ይምታታብኛል። በሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ ከዩኒቨርሲቲ ለክረምት ዕረፍት ወረታ በገባሁበት ዓመት መሆኑን ግን አልጠራጠርም።

በዚያ ዓመት ከህንድ አገር፣ ከእህት ቤተ ክርስቲያን የተላኩ አንድ ካህን በፎገራ ምእመናን መካከል ሊኖሩ መጥተው ነበር። አባ እንላቸዋለን። አማርኛቸው ገና ስላልጠና አስተርጓሚያቸው እኔ ሆንሁ። ከሜዳው ከፍ ካለው ጉብታ ላይ ቤት ቢሰጣቸው እምቢ ብለው፣ ከደብሩ በታች ርብ ወንዝ ዳር፣ ባለቤቱ ትቶት የሄደውን ጎጆ መረጡ። ከሕዝቡ መራቅ አልፈለጉም።

በእኛ አገር ካህን የመረጠውን አይሆንም ብሎ የሚመልስ የለም። ስለዚህ ሰዉ የሚናገረው በጎን ነበር። የደብሩን ንብረት የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ ገበዙ፣ ምሰሶውን መታ መታ አድርገው «ቤቱስ መልካም ነው፤ ውሃውም ይወደዋል» አሉ። ተረጎምሁ፤ አደጋ አለ ማለታቸው መሆኑንም ጨመርሁ። አባ ፈገግ አሉ።

«እኔ የተወለድሁት ውሃ መሀል ነው። የሚያሰጋ ቢሆን ሽማግሌው ራሳቸው ይነግሩኝ ነበር።»

ይህንኑ ለገበዙ ብነግራቸው ገላመጡኝ። «ካህን ልዘዝ እንዴ፣ አንተ ተማሪ? እዚያ የሚያስተምሯችሁ ይህን ነው?»

ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። መጀመሪያ ከብቶቹ ወደ ጉብታው ወጡ፤ ቀጥሎ ባለቤቶቹ። እያንዳንዱ ሲሄድ መስቀል ሊሳለም ወደ አባ ጎራ ይላል፤ ለምን እንደሚሄድ ግን አይናገርም። አባ መስቀል የሚሳለመው ሰው በዛ ብለው ደስ ይላቸው ነበር። እኔ ሜዳውን አያለሁ፤ ጭስ የሚወጣበት ጣራ በየቀኑ ያንሳል። ርብ ድምፅ አልነበረውም፤ ወይም እኔ አላስታውሰውም። ጥቁሩን አፈር ከሥር ከሥሩ እየበላ ቀለሙን ብቻ ይለውጥ ነበር። አንድ ማለዳ የጎጆው ጓሮ ሲረገጥ ሰመጥ አለ። አባ ደረቅ ሣር ጎዘጎዙበት።

በዚያው ቀን ቀትር ላይ ገበዙ በቅሎ እየሳቡ መጡ።

«አባ፣ ጉብታው ላይ አንዲት ሴት ታማለች። መጥተው ይጸልዩልኝ ትላለች።»

«ነገ በማለዳ ብመጣስ?»

ገበዙ እኛን ትተው በቅሎዋን እያዩ «ለነገ አትደርስ ይሆናል» አሉ።

አባ መጽሐፋቸውንና መስቀላቸውን ብቻ ይዘው ተነሡ። ሴትዮዋ ጋቢ ተከናንባ ተኝታ አገኘናት፤ ጸሎቱ ሲረዝም ትቃትት ነበር። ሊመሽ ሲል ገበዙ «በሽተኛ ጥሎ አይኬድም» አሉ፤ አባም እዚያው አደሩ።

ሲነጋ ቁልቁል ብናይ ሜዳው ሁሉ ውሃ ነው። ጎጆው ከነምሰሶው የለም። አባ የታመመችው እንዴት አደረች ብለው አስጠየቁኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተሽሏታል» አሉ ገበዙ፤ ቀና ብለው ግን አላዩንም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ይህን አንድ ነገር አጣራሁ። ሴትዮዋን ራሷን ይፋግ ገበያ አግኝቼ ጠየቅኋት፤ ጎረቤቷንም ለብቻዋ ጠየቅኋት። የሁለቱም ቃል አንድ ነበር፤ በዚያ ቀን ጉብታው ላይ የታመመ ሰው አልነበረም።